ፊውዝ የሚበላ መኪና

ሚኒባሴ ደሴ ላይ ቆማ ፍሬን ስረግጥ ምንም አትሆንም። ሃያ ጊዜ ብረግጥ ሃያ ጊዜ የፍሬን መብራቷ ቦግ ይላል። ሰው ሞልታ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስትጀምር ግን ሁለት ሦስት ኩርባ ሳንዞር ፊውዙ ይቃጠላል። ኮምቦልቻ እንደደረስን ረዳቱ ከኋላ ቆሞ "አይበራም!" ይለኛል። አዲስ ፊውዝ እሰካለሁ፣ ወደ ደሴ ሽቅብ እንመለሳለን፣ ሰላም ነው። ስንወርድ እንደገና ይቃጠላል። በአንድ ሰኞ ብቻ፣ ገበያው በደራበት ቀን፣ አራት ፊውዝ በላች።

የደሴን ጉም የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር ለምን እንቅልፍ እንደነሳኝ ይገባዋል። ክረምት ላይ ሐረጎ ሲሸፈን ከኋላዬ የሚወርደው ሲኖትራክ ፍሬን መያዜን የሚያውቀው በዚያች ቀይ መብራት ብቻ ነው። እሷ ከሌለች ያቺ ሁሉ ነፍስ ከኋላዬ ተጭና በጨለማ መቆም ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩን ካገኘሁት በኋላ እንዴት እንደሚፈለግ ልጽፈው ወሰንኩ። ፊውዝ በኪሱ ይዞ እየቀያየረ የሚሄድ ሾፌር ብዙ ነው፤ እኔም ሦስት ሳምንት እንደዚያው ነበርኩ።

መጀመሪያ ፊውዝ ምን እንደሚሠራ እንይ። ብዙ ሰው አምፖሉን ወይም ሬዲዮውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ቁራጭ ብረት ነው፤ ሽቦው ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀድሞ ይቀልጥና መንገዱን ይቆርጣል።

ቆቦ ላይ ወይም ቦርከና ዳር መስኖ ያጠጣ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ውሃው በቦይ ወርዶ ማሳው ውስጥ ይገባል፣ ሥራውን ይሠራል፣ የተረፈው ወደ ወንዝ ይመለሳል። ቦዩ መሀል ላይ ከተናደ ግን ውሃው ማሳውን ሳያይ ሽው ብሎ ወንዝ ይገባል። መኪና ላይ ምንጩ ባትሪው ነው፣ ቦዩ ሽቦው ነው፣ ማሳው አምፖሉ ነው። ወንዙ ደግሞ የመኪናው ቦዲ ነው፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ከቦዲው ጋር ስለታሰረ የመኪናው ብረት ሁሉ የመመለሻ መንገድ ነው። እና ፖዘቲቭ የያዘ ሽቦ ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ የትም ቦታ ላይ ብረት ከነካ ቦዩ ተናደ ማለት ነው። ሾርት የምንለው ይህንኑ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ የፍሬን አምፖል አብዛኛውን ጊዜ 21 ዋት ነው። ሁለቱ 42 ዋት። በ12 ቮልት ስናካፍለው 3.5 አምፔር ይመጣል፤ አምፔር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ብዛት ነው። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ይህን ተሸክሞ ዓመት ይቀመጣል። መዳቡ ብረት ከነካ ግን መንገዱ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚገታው የሽቦው ተቃውሞ ብቻ ነው፣ በኦም ይለካል፤ እሱ 0.1 ኦም እንኳ ቢሆን 120 አምፔር ያልፋል። በዚህ ጊዜ ፊውዙ ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም።

ፊውዝ ደግሞ ልክ ቁጥሩ ላይ አይቆርጥም። ይህን ብዙዎች አያውቁትም። ባለ 10 ፊውዝ 11 አምፔር ቢያልፍበት ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። እጥፉ፣ ማለትም 20 ቢያልፍበት ግን ከ5 ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ ወዲያው የሚቃጠል ፊውዝና ሩብ ሰዓት ቆይቶ የሚቃጠል ፊውዝ የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው።

አሁን ወደ መጥፎው ምክር ልምጣ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ያለው ልጅ ፊውዙን አወጣና ባለ 30 ሰካበት። "አብሽር፣ ከአሁን በኋላ አይቃጠልም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፊውዙ አልተቃጠለም። ሽቦው ነው መቃጠል የጀመረው። በማግስቱ ቁልቁለቱ መሀል ላይ የጎማ ሽታ ሸተተኝ፣ ዳር ይዤ ቆምኩና ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ ገልጬ በእጄ ዳሰስኩት፤ ትኩስ እንጀራ የተነሳበት ምጣድ ነበር የሚመስለው። ባለ 30ውን እዚያው ነቅዬ ጣልኩት። ምን እንደሆነ አስቡት፤ ለ10 አምፔር ታስቦ በተዘረጋ ሽቦ ውስጥ 30 ሲያልፍ ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ብቻ ይመስለናል፣ ግን ዘጠኝ እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚያድገው በኤሌክትሪኩ ብዛት ሳይሆን ብዛቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ያ ሽቦ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ከሃያ ሌሎች ጋር ታስሮ ነው የሚሄደው። እሱ ሲቀልጥ ጎረቤቶቹን ያቀልጣል፣ ከዚያ ወዲያ የመኪና እሳት ነው። ፊውዝ ቤቱ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብራማ ወረቀት መጠቅለልም ያው ነው፣ እንዲያውም የባሰ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ ሲደረግ ካያችሁም ዝም አትበሉ።

ቀለሙን ማወቅ ይጠቅማል። በሚሰኩት ባለ ሁለት እግር ፊውዞች ላይ ቀይ 10 ነው፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ ነጩ 25፣ አረንጓዴ 30። ቡናማው 7.5 ነው። የመኪናው ፊውዝ ቤት ክዳን ላይ ትክክለኛው ቁጥር ተጽፏል። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት የሰካውን አትመኑ፣ ክዳኑን እመኑ።

የተቃጠለውንም ቶሎ አትጣሉት። ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ጠቁሮ፣ ብረቱ ተበታትኖ ከሆነ ኃይለኛ ሾርት ነው የመታው። መሀሉ ላይ ብቻ በቀስታ ቀልጦ ንጹሕ ክፍተት ካለ አንድ ነገር ከመጠን በላይ እየሳበ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ብረቱ ደህና ሆኖ እግሩ አጠገብ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ደግሞ ፊውዝ ቤቱ ላልቷል፣ እዚያው መገናኛው ላይ ነው የሚግለው። ይህ መቶ በመቶ የሚያስተማምን ምልክት አይደለም፤ ግን መፈለግ ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል።

የኔን መኪና ያዳነው አንድ በዕድሜ የገፋ ኤሌክትሪሺያን ነው። መኪናዋን ገና ሳያያት ነው የጠየቀኝ።

"መቼ ነው የሚቃጠለው?"

"ሁልጊዜ ነው ጋሼ" አልኩት።

"ሁልጊዜማ ቢሆን ይኸው አሁን ይቃጠል ነበር። ቁጭ በልና አስብ ልጄ።"

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ፍሬን ስይዝ ነው። ደሴ ከተማ ውስጥ ፍሬን ስይዝ ግን አይቃጠልም። ቁልቁለት ላይ ነው። ግን አንድ ቀን ባዶዬን ወርጃለሁ፣ አልተቃጠለም። ሰው ሲሞላ ነው! ይህን ስናገር ጋሼ ፈገግ አለና ታኮ አምጥቶ ከጎማው ሥር አደረገ።

ሙሉው ጥበብ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። "የቱ ሽቦ ነው?" ከማለት በፊት "መቼ ነው?" በሉ። ቁልፍ እንደከፈታችሁ ከሆነ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት፣ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚያገኙ ነገሮች ናቸው። የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ከሆነ የኋላ ማርሽ መብራት ወይም በኋላ የተገጠመ ካሜራ ነው። ግራ ፍሬቻ ስታበሩ ብቻ ከሆነ ቀኙን ለምን ትፈቱታላችሁ? ጉድጓድ ስትገቡ ከሆነ የሚወዛወዝ ሽቦ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከሆነ ዝናብ መጥረጊያው ሞተር፣ ወይም ውሃ የሚገባበት የኋላ መብራት። መሪ ሲዞር ብቻ ከሆነ፣ ባጃጅ ላይ ይህ በጣም አለ፣ ከመሪው ጋር አብረው የሚታጠፉት ሽቦዎች ናቸው። እና ደሴ ብርድ ላይ መስታወቱ ጉም እንዳይዝ ማሞቂያውን ከፍታችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚቃጠል ከሆነ የንፋስ ሰጪው ሞተር ደርቆ ከብዶት ነው፤ ሾርት ብላችሁ ሽቦ ስትልጡ አትዋሉ። ለእንዲህ ያለው ከመጠን በላይ የሚስብ ነገር፣ የመስመሩ ፊውዝ ከ10 ካነሰ ብቻ፣ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 10 አምፔር የሚለው ላይ አድርጋችሁ በፊውዙ ቦታ አስገብታችሁ ምን ያህል እንደሚስብ አንብቡ፤ ንፋስ ሰጪው ግን ከዚያ በላይ ሊስብ ስለሚችል በዚህ አይለካም። ሾርት ላለበት መስመር ግን ይህን እንዳትሞክሩ፣ ቴስተሩን ነው የምታቃጥሉት።

ማስታወሻ ያዙ። እውነቴን ነው። ስልካችሁ ላይ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምን እንደነካችሁ፣ ስንት ሰው እንደጫናችሁ ጻፉ። አምስት ጊዜ ከተጻፈ ችግሩ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ቀጥሎ ጋሼ ያደረገው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ፊውዙን አወጣና በቦታው አንድ ተራ 21 ዋት አምፖል ሰካ፤ ሶኬቱ ላይ ሁለት ሽቦ አስሮበታል፣ ሁለቱን ጫፎች ፊውዙ በነበረበት ሁለት ቀዳዳ ውስጥ አስገባ። ለምን? ፊውዝ ሾርት ሲያገኝ ይሞታል፣ ከሞተ በኋላ ምንም አይነግራችሁም። አምፖሉ ግን አይሞትም። ሾርቱ እስካለ ድረስ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሾርቱ ሲለቅ ይጠፋል። በዚያ ላይ ራሱ ተቃውሞ ስለሆነ ከ2 አምፔር በላይ አያሳልፍም፣ ሽቦው አይጎዳም። አንድ አምፖል ሙሉ ካርቶን ፊውዝ ያድናል። መስመሩ ትልቅ ከሆነ የፊት መብራት 55 ዋት አምፖል መጠቀም ይቻላል። አይሱዙን የመሰለ ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ከሆናችሁ አምፖሉም የ24 ይሁን።

አንድ ነገር አትርሱ፦ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን አምፖሎች በሙሉ መጀመሪያ አውጡ። እኛ የኋላ ፍሬን አምፖሎችን ሁለቱንም አወጣን። ካላወጣችሁ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የመፈተሻ አምፖሉን ያበራዋልና ሾርት ያለ ይመስላችኋል። በቴስተር ስትለኩም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። 21 ዋት አምፖል ሲበራ ወደ 7 ኦም ገደማ ነው፣ ቀዝቃዛ እያለ ግን ከ1 ኦም በታች ሊወርድ ይችላል፤ ቴስተሩ ጢ... ብሎ ይጮህና "ሾርት አገኘሁ" ትላላችሁ፣ ያገኛችሁት ደህና አምፖል ነው። በዚህ ምክንያት ስንቱ ደህና ሽቦ ተቆርጧል።

ረዳቱ ፍሬኑን ረግጦ ተቀመጠ። አምፖሉ ጠፍቷል። ጋሼ ኋላ ሄዶ መኪናዋን ወዘወዛት። ምንም። የኋላ በሯን ከፍቶ ዘጋ። ምንም። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ቆመው የሚያዩትን ልጆች ጠራ፤ "ኑ ግቡ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ!" አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይስቃሉ፣ ይጋፋሉ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ እየረገበች ትሄዳለች። ዘጠነኛው ልጅ እንደገባ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ሥር አምፖሉ ቦግ አለ። ልቤ ነው የዘለለው። "ውጡ!" ሲላቸው ጠፋ። "ግቡ!" በራ።

ቀሪው ሥር ገብቶ ማየት ብቻ ነበር። ወደ ኋላ የሚሄደው የሽቦ እስር ከመያዣው ወልቆ ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናዋ የሥር ብረት አጽም ጋር ተጋድሟል። መኪናዋ ባዶ ስትሆን በሻንሲውና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው አክስል መካከል ሰፊ ቦታ አለ። ስትጫን ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ይረግባል፣ አክስሉ ወደ ላይ ይጠጋል፣ ያቺን አረንጓዴ ሽቦ እንደ ጥርስ ይነክሳታል። ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ላይ ላስቲኩ ጠፍጥፎ ተሰንጥቋል፣ መዳቡ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ሻንሲው ላይ ደግሞ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች፤ ብልጭታው በተደጋጋሚ የመታት ቦታ ናት። ሽቦዋ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ መሟላት ነበረበት፣ ጭነትና ፍሬን። ሐረጎ ቁልቁለት ሰው በሞላበት መኪና ሁለቱንም ያሟላል። ሽቅብ ስንመለስ ፍሬን ብዙ ስለማይያዝ ነበር የሚተርፈው።

የእናንተ መኪና ላይ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሽቦ የሚጎዳባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የሚታጠፍ ቦታ፣ የሚንቀጠቀጥ ቦታ፣ የሚግል ቦታ። የበር ማጠፊያ ላይ ያለችውን የጎማ ቱቦ ገፋ አድርጋችሁ ውስጧን እዩ፤ በቀን መቶ ጊዜ የሚከፈት የታክሲ በር ሽቦውን አንድ በአንድ ይቆርጠዋል። የኋላ ኮፈን ማጠፊያም እንዲሁ። ሽቦ በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ላስቲኩ ወልቆ ከሆነ የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ቢላ ነው። ጭስ ማውጫው አጠገብ ያለፈ ሽቦ ይቀልጣል። የወንበር መግፊያ ሐዲድ ሥር፣ ወለል ላይ የተመታ ረጅም ብሎን ሥር። የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ውስጥ የወደቀ ሳንቲም ፊውዝ ሲበላ አይቻለሁ። ባለ ሁለት ክር አምፖል ውስጥ አንዱ ክር ተበጥሶ ሌላው ላይ ሲወድቅም ግራ ያጋባል፤ አምፖሉን ማውጣት ብቻ ይበቃል። እና አይጥ። እህል በሚወቃበት ሰሞን ጎተራ አጠገብ የሚያድር መኪና፣ ወይም ክረምት ላይ ሙቀት ፍለጋ ኮፈን ሥር የምትገባ አይጥ ሽቦ ትበላለች፤ የተቀረጠፈ ላስቲክና የአይጥ ኩስ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትድከሙ።

ከሁሉ በፊት ግን በኋላ የተገጠመውን ጠርጥሩ። ፋብሪካው ያሰረው ሽቦ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ቴፕ፣ ትልልቅ ስፒከር፣ ተጨማሪ የጉም መብራት፣ ማንቂያ ደወል፣ ጣሪያ ላይ የሚያብለጨልጩ መብራቶች፣ ባለ ንፋስ ክላክስ፣ እነዚህ ሲገጠሙ ማን ከየት እንደሳበላቸው ያስታውሳችኋል? አንድ በአንድ ንቀሉ። የመፈተሻው አምፖል የጠፋበት ቅጽበት ላይ የነቀላችሁት እሱ ነው።

ሁሉም ተነቅሎ አምፖሉ አሁንም ከበራ ሽቦው ራሱ ነው፤ በመገናኛዎቹ ላይ ግማሽ ግማሹን እየለያችሁ ሂዱ። መሀል ላይ ያለውን መገናኛ ንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው፣ ከበራ ከዚህ ወዲህ ነው። አሥር ሜትር ሽቦ በዚህ መንገድ አምስት ጊዜ ስትከፍሉት ክንድ አይሞላም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ቢጫ መገናኛ ወይም ቢጫ መሸፈኛ ያለው ሽቦ የኤርባግ ነው፣ በአምፖልም በቴስተርም አትነካኩት፣ ሊፈነዳ ይችላል። የሞተሩ ኮምፒዩተር የሚመግባቸውን መስመሮችም በአምፖል መፈተሽ ተዉት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ሽቦ ለመቁረጥና ለመቀጠል ስትነሱ ደግሞ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲ ከነካ ራሳችሁ ሾርት ሆናችሁ ማለት ነው።

ጥገናው ቀላል ነው ግን በችኮላ ይበላሻል። መዳቡን ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለል ደሴ ብርድ ላይ ይቆይ ይሆናል፤ ሐርቡና መርሳ ሙቀት ላይ ማጣበቂያው ይቀልጥና ፕላስተሩ ይፈታል፣ ከዚያ ችግሩ ተመለሰ። ጋሼ የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ አወጣው፣ በተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ ቀጠለው፣ በየደው፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ላስቲክ አለበሰው። ከዚያ እስሩን በሙሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከተተና ከአክስሉ ርቆ በሚያልፍበት ቦታ ሦስት ቦታ ላይ አሰረው። ቀይ ፊውዝ ሰካ፤ ልጆቹ እንደገና ገቡ፣ ረዳቱ ፍሬን ረገጠ፣ አልተቃጠለም። የተቃጠለበትን ምክንያት ፈጥረን እዚያው ላይ ካልሞከርነው ተሠርቷል አይባልም።

መንገድ ላይ ቢገጥማችሁስ? አንድ ጊዜ በትክክለኛው ቁጥር ቀይሩ። ከሌላችሁ ለጊዜው ከማያስፈልግ ነገር ተበደሩ፣ ከቴፑ ወይም ከሲጋራ መለኮሻው፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ወይም ካነሰ ብቻ። ሁለተኛውም ከተቃጠለ ሦስተኛ አትስኩ። የሚጠፋው ሬዲዮ ከሆነ ሬዲዮ ሳትሰሙ መድረስ ትችላላችሁ። አውቶማቲክ ማርሽ ያላት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ላይ የፍሬን መብራት ፊውዝ ሲቃጠል ማርሹ ከፓርኪንግ አልወጣ ሊል እንደሚችል እወቁ፤ ካምቢዮ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። የፍሬን መብራት ሳይኖራችሁ ጉም ውስጥ ሐረጎ ላይ ከሆናችሁ ግን አትቀጥሉ። ዳር ያዙ፣ አራቱን ፍሬቻ አብሩ፣ ተሳፋሪውን ከመንገዱ አርቁ፣ ረዳቱም ሦስት ማዕዘኗን ይዞ ወደ ኋላ ይሂድና ከኩርባው በላይ ያስቀምጣት፣ ከላይ የሚወርደው ሰው ሳይዞር እንዲያያት።